ቡና ሰሞን የሚንቀራፈፍ ዳታቤዝ፦ የዘገየ ኩዌሪን መርምሮ ማፍጠኛ መመሪያ

ጅማ ላይ የቡና ግዢ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ክረምቱን ሙሉ ያለ ምንም ችግር ሲሠራ ይከርማል። ጥቅምት ገብቶ እሸት ቡናው ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎች መጉረፍ ሲጀምር ግን አንዱን ሪፖርት ለመክፈት አራት ሰከንድ ይፈጃል። ገበሬው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል፤ መዝጋቢዋም ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ ታያለች። በዚህ ጊዜ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው «ራም ይጨመር» ወይም «ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ረድፍ በፍጥነት የሚያስገኝ ዝርዝር) ይሠራለት» ነው። ሁለቱም ሊያግዙ ይችላሉ። ነገር ግን ዳታቤዙ ከሥራው በፊት ስንት ረድፍ እንደገመተና በእውነት ስንት ረድፍ እንዳገኘ ጎን ለጎን ሳታዩ የምትወስዱት እርምጃ መድኃኒት ሳይመረመሩ እንደመዋጥ ነው። የዚህ መመሪያ ትኩረት ያ ንጽጽር ነው።

ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። «ደረሰኝ» የሚባለው ሰንጠረዥ 1.8 ሚሊዮን ረድፍ፣ «አቅራቢ» የሚባለው 60 ሺህ ረድፍ አላቸው። ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) ደግሞ አንድ ጣቢያ፣ አጋሮ እንበል፣ በጥቅምት ወር ከእያንዳንዱ አቅራቢ ስንት ኪሎ እንደተረከበ የሚጠይቅ ነው። የትእዛዞችንና የቅንብሮችን ስም እንደ አነጋገራቸው ጽፈናል፤ ከአንድ ቃል በላይ የሆኑ የቅንብር ስሞች ሲተየቡ በታች ሰረዝ ይያያዛሉ።

1. ዘግይቶ ነው ወይስ ተራ እየጠበቀ?

ይህን ጥያቄ ዘልለው ኢንዴክስ ሲሠሩ የሚውሉ ብዙ ናቸው። ዝግታው በተከሰተበት ሰዓት «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» የሚባለውን ዕይታ ክፈቱና «ዌይት ኢቨንት ታይፕ» የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። «ሎክ» የሚል ካገኛችሁ ኩዌሪው ሌላ ሰው የያዘውን ረድፍ እየጠበቀ ነው እንጂ ሥራው ከብዶት አይደለም። ማን እንደያዘው «ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ» በሚባለው ፈንክሽን ይታወቃል።

በአብዛኛው የምታገኙት «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ላይ የቆመ ግንኙነት ነው። አንድ ሠራተኛ ደረሰኝ ለማረም ቅጹን ይከፍታል፤ ፕሮግራሙ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸድቁ ወይም አንድ ላይ የሚሰረዙ ሥራዎች) ጀምሮ ረድፉን ይቆልፋል፤ ሠራተኛው ደግሞ ሳይዘጋው ወደ ሚዛኑ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በደረቅ ጦስ እርጥብ ይቃጠላል፦ ያንን ረድፍ ሊቀይር የሞከረ ሁሉ ይቆማል። ለጊዜው በ«ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ» ግንኙነቱን አቋርጡት። ለዘለቄታው «አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት» የሚለውን 5 ደቂቃ አድርጉ፤ ፕሮግራሙም ሰው ቅጽ እየሞላ ሳለ ትራንዛክሽን ክፍት አድርጎ እንዳይቆይ አስተካክሉት። ትራንዛክሽን መከፈት ያለበት «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ሲጫን ነው።

2. ተጠያቂውን ኩዌሪ መለየት

«ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ» የሚባለውን ተጨማሪ ክፍል «ሼርድ ፕሪሎድ ላይብረሪስ» በሚለው ቅንብር ውስጥ አስገቡ። ሰርቨሩ ተዘግቶ መከፈት ስላለበት ከሥራ ሰዓት ውጭ አድርጉት። ከዚያ ዳታቤዙ ውስጥ «ክሪኤት ኤክስቴንሽን» ብላችሁ አንቁት፤ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉና አንድ ሙሉ የገበያ ቀን ተዉት።

ውጤቱን በአማካይ ጊዜ ሳይሆን በጠቅላላ ጊዜ ደርድሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በቀን ሁለቴ የሚሠራ 4 ሰከንድ የሚፈጅ ሪፖርት ሰርቨሩን 8 ሰከንድ ብቻ ይይዘዋል። በቀን 40 ሺህ ጊዜ የሚጠራ 30 ሚሊሰከንድ የሚወስድ ትንሽ ኩዌሪ ግን 1,200 ሰከንድ፣ ማለትም 20 ደቂቃ ይበላል። ሰው የሚያማርረው ስለ ሪፖርቱ ነው፤ ሰርቨሩን የሚያደክመው ግን ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም «ሎግ ሚን ዱሬሽን ስቴትመንት» የሚለውን 500 ሚሊሰከንድ አድርጉ፤ ከዚያ በላይ የቆየ ኩዌሪ ሁሉ ከነ ሰዓቱ ሎግ ላይ ይጻፋል።

3. ፕላኑን ማንበብ

ተጠያቂውን ኩዌሪ ወስዳችሁ ከፊቱ «ኤክስፕሌን» ጨምሩ፤ በቅንፍ ውስጥ «አናላይዝ፣ በፈርስ» ብላችሁ አሂዱት። ጥንቃቄ፦ «አናላይዝ» ሲታከልበት ኩዌሪው በእውነት ይሠራል። ዲሊት ወይም አፕዴት ከሆነ በ«ቢጊን» ጀምራችሁ በ«ሮልባክ» ዝጉት፤ አለዚያ የመረመራችሁት መስሏችሁ ደረሰኝ ታጠፋላችሁ።

የምሳሌያችን ፕላን (ዳታቤዙ ኩዌሪውን የሚሠራበት እቅድ)፣ ለማንበብ እንዲቀል ትይዩ አሠራሩን ዘግተንና የድመራውን መስመር ትተን፣ እንዲህ ይመስላል፦

ኔስትድ ሉፕ (ሮውስ=120) (አክቹዋል ሮውስ=9400 ሉፕስ=1)
— ሲክ ስካን፣ ደረሰኝ ላይ (ሮውስ=120) (አክቹዋል ታይም=2700 ሮውስ=9400 ሉፕስ=1)
— — ሮውስ ሪሙቭድ ባይ ፊልተር፦ 1790600
— — በፈርስ፦ ሼርድ ሂት=2100 ሪድ=22900
— ኢንዴክስ ስካን፣ አቅራቢ ላይ (ሮውስ=1) (አክቹዋል ታይም=0.12 ሮውስ=1 ሉፕስ=9400)
ኤክስኪውሽን ታይም፦ 3850 ሚሊሰከንድ

«ሲክ ስካን» ሙሉ ሰንጠረዡን ማንበብ፣ «ኢንዴክስ ስካን» በኢንዴክስ መፈለግ፣ «ኔስትድ ሉፕ» ለእያንዳንዱ ረድፍ ሌላው ሰንጠረዥ ውስጥ ሄዶ መፈለግ ነው። በመጀመሪያው ቅንፍ ያለው «ሮውስ» ግምቱ፣ በሁለተኛው ያለው እውነቱ ነው፤ «አክቹዋል ታይም» በሚሊሰከንድ ነው። ከታች ወደ ላይ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ አንብቡት። አራት ነገሮችን ፈልጉ።

የመጀመሪያው የግምትና የእውነት ልዩነት ነው። ዳታቤዙ 120 ረድፍ ጠብቆ 9,400 አገኘ፤ ወደ 78 እጥፍ ተሳስቷል። እንግዲህ 120 ብቻ ናቸው ብሎ ስላመነ አቅራቢውን አንድ በአንድ ሄዶ መፈለግን መረጠ። 9,400 መሆናቸውን ቢያውቅ ኖሮ የአቅራቢውን ሰንጠረዥ አንዴ አንብቦ «ሃሽ ጆይን» (ሁለቱን ሰንጠረዦች በአንድ ዙር ማገናኘት) ይሠራ ነበር። ልዩነቱ እስከ አሥር እጥፍ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ማስተካከል ይገባል።

ሁለተኛው «ሉፕስ» ነው። ብዙ ሰው 0.12 ሚሊሰከንድ የሚለውን አይቶ ያልፈዋል። ያ ቁጥር የአንድ ዙር ጊዜ ነው። በ9,400 ሲባዛ 1,128 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ከጠቅላላው ጊዜ ሩብ የሚበልጠው እዚህ ተደብቋል።

ሦስተኛው ተነብቦ የተጣለው ነው። 9,400 ረድፍ ለማግኘት 1,790,600 ረድፍ አንብቦ ጥሏል። ይህ ኢንዴክስ የሚያስፈልግበት ግልጽ ምልክት ነው። ግማሽ ያህሉን የሚመልስ ኩዌሪ ቢሆን ኖሮ ግን ሙሉ ሰንጠረዡን ማንበቡ ራሱ ትክክለኛው መንገድ ይሆን ነበር፤ «ሲክ ስካን» ባያችሁ ቁጥር አትደንግጡ።

አራተኛው በፈርስ፣ ማለትም የተነካው የገጽ ብዛት ነው። አንድ ገጽ 8 ኪሎባይት ስለሆነ 25,000 ገጽ ማለት 200 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አብዛኛውም ከሼርድ በፈር (ፖስትግሬስ ራም ላይ ለራሱ ከያዘው ቦታ) ውጭ የመጣ ነው። ከማሻሻያ በፊትና በኋላ ስታነጻጽሩ ከሚሊሰከንዱ ይልቅ ይህንን ቁጥር እመኑ። ሁለተኛ ጊዜ ስታሂዱት ገጾቹ ራም ላይ ስለሚገኙ ሰዓቱ ያጥራል፤ «አፈጠንኩት» የሚያሰኘውም ይህ ነው። የተነካው የገጽ ብዛት ግን አይዋሽም።

4. ግምቱ ለምን ሳተ?

ፖስትግሬስ ስለ ሰንጠረዡ የሚያውቀው ከናሙና በሰበሰበው ስታቲስቲክስ ነው። ያ ስታቲስቲክስ ራሱን የሚያድሰው ከሰንጠረዡ 10 በመቶና 50 ረድፍ ሲቀየር ነው። 1.8 ሚሊዮን ረድፍ ላለው ሰንጠረዥ ይህ 180,050 አዲስ ደረሰኝ ማለት ነው። ቡና ሰሞን ሲጀምር፣ የመጨረሻው እድሳት ነሐሴ ላይ ከሆነ፣ ዳታቤዙ ጥቅምት የሚባል ወር መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ ስለዚህ «በዚህ ቀን ያለው ረድፍ እዚህ ግባ አይባልም» ብሎ ይገምታል። ክረምቱን ደህና የነበረው ሶፍትዌር መኸር ላይ የሚንቀራፈፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የሠራተኛው ብዛት ብቻ አይደለም።

አሁኑኑ «አናላይዝ ደረሰኝ» ብላችሁ እዘዙ፤ ሰንጠረዡን አይቆልፍም፣ ሥራም አያስቆምም። ከዚያ ለዚህ ሰንጠረዥ ብቻ «ኦቶቫኪውም አናላይዝ ስኬል ፋክተር» የሚለውን 0.01 አድርጉ። እድሳቱ በ18,050 ለውጥ ይነሳል።

ከዚህ በኋላም ግምቱ ከሳተ ተያያዥ ዓምዶችን ጠርጥሩ። ወረዳውን «ጎማ» ብላችሁ፣ ቀበሌውንም እዚያው ጎማ ውስጥ ካሉት አንዱን ብትጠይቁ፣ ዳታቤዙ ሁለቱ የማይገናኙ መስሎት ዕድላቸውን ያባዛል፤ ከእውነቱ እጅግ ያነሰ ቁጥርም ይሰጣል። ቀበሌው ከታወቀ ወረዳው እንደሚታወቅ ንገሩት፦ ከፖስትግሬስ 10 ጀምሮ «ክሪኤት ስታቲስቲክስ» በሚለው ትእዛዝ፣ «ዲፔንደንሲስ» በሚለው ዓይነት፣ ሁለቱን ዓምዶች አስተሳስሩ፤ ከዚያ እንደገና አናላይዝ አድርጉ።

5. ኢንዴክሱን በልኩ መስፋት

ለምሳሌያችን ኢንዴክሱ ሁለት ዓምድ ይኖረዋል፦ መጀመሪያ ጣቢያ፣ ቀጥሎ ቀን። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በ«እኩል ነው» የምትጠይቁት ይቅደም፤ «ከዚህ እስከዚያ» የምትሉት ይከተል። በየጣቢያው ተለይተው፣ በየውስጣቸው በቀን የተደረደሩ የደረሰኝ ጥራዞችን አስቡ፦ የአጋሮን ጥራዝ አንስታችሁ ጥቅምት ላይ ከፍታችሁ ወሩ እስኪያልቅ በተከታታይ ትገልጣላችሁ። በቀን ብቻ የተደረደረ ቢሆን የጣቢያዎቹ ሁሉ ደረሰኝ ተቀላቅሎ ይጠብቃችኋል።

ሥራ ላይ ባለ ዳታቤዝ «ክሪኤት ኢንዴክስ ኮንከረንትሊ» ተጠቀሙ። ያለ «ኮንከረንትሊ» ከሠራችሁት ኢንዴክሱ እስኪያልቅ ማንም ደረሰኝ መመዝገብ አይችልም። ይህ ትእዛዝ በትራንዛክሽን ውስጥ አይሠራም፤ መሀል ላይ ከተቋረጠም (መብራት ሲጠፋ ይህ ያጋጥማል) ዋጋ የሌለው ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል። ያ ቅሪት ለንባብ አያገለግልም፤ ለእያንዳንዱ ምዝገባ ግን ወጪ ይጨምራል። «ፒጂ ኢንዴክስ» ውስጥ «ኢንዲስቫሊድ» የሚለው ሐሰት የሆነውን ፈልጋችሁ አጥፉና እንደገና ሥሩ።

ከዚህ በኋላ ኩዌሪው የሚያነበው ገጽ ከ25,000 ወደ 2,000 ገደማ ይወርዳል እንጂ ወደ መቶ አይወርድም። የአንድ ወር ደረሰኝ የሁሉም ጣቢያ ተቀላቅሎ ስለተጻፈ፣ የአጋሮ 9,400 ረድፎች በወሩ ገጾች ሁሉ ተበትነዋል። ይህንንም ማስቀረት ይቻላል፦ ከፖስትግሬስ 11 ጀምሮ «ኢንክሉድ» በሚለው ቃል የአቅራቢ መለያና ኪሎ ኢንዴክሱ ውስጥ አብረው እንዲቀመጡ አድርጉ። ያኔ «ኢንዴክስ ኦንሊ ስካን» ይሆናል፤ ከደረሰኝ ሰንጠረዥ የሚነበበው ሁሉ ከመቶ በታች በሆኑ የኢንዴክስ ገጾች ያልቃል። ፕላኑ ላይ «ሂፕ ፌቸስ» የሚለው ቁጥር (ወደ ሰንጠረዡ የተመለሰበት ብዛት) ከፍ ካለ ግን ሰንጠረዡ ቫኪውም አልተደረገም፣ የሞቱ ረድፎቹ አልተጠረጉም ማለት ነው፤ «ቫኪውም ደረሰኝ» በሉና እንደገና እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ፖስትግሬስ ፎሪን ኪ (የሌላ ሰንጠረዥን ረድፍ የሚጠቁም ቁልፍ) ባለበት ዓምድ ላይ ኢንዴክስ በራሱ አይሠራም። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላው ዳታቤዝ ግን፣ ኢኖዲቢ በሚባለው ማከማቻው፣ ኢንዴክሱን ራሱ ይሠራል። ስለዚህ ከማይኤስኪውኤል የመጣ ሰው አንድ አቅራቢ ሲያጠፋ ሥራው ለምን ሰከንዶች እንደሚወስድ ግራ ይገባዋል፤ ዳታቤዙ 1.8 ሚሊዮኑን ደረሰኝ እያገላበጠ ነው።

ኢንዴክስ ነፃ አይደለም። እያንዳንዱ አዲስ ደረሰኝ በሰንጠረዡ ላይ ያሉትን ኢንዴክሶች ሁሉ ይነካል። «ፒጂ ስታት ዩዘር ኢንዴክስስ» ላይ «አይዲኤክስ ስካን» ዜሮ የሆነውን ማጥፋት ተገቢ ነው፤ የዋና ቁልፍና የ«ዩኒክ» ኢንዴክሶችን ግን አትንኩ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ለሚሠራው የሂሳብ ሪፖርት ብቻ የሚያገለግል ኢንዴክስ ዓመቱን ሙሉ የሞተ መስሎ ይታያል። ቆጣሪው ቢያንስ አንድ ሐምሌን ሳያልፍ ፍርድ አትስጡ።

6. ኩዌሪውን ራሱን ማቃናት

የቀን ጉዳይ እኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጽሑፍ ያስቀመጡ ሲስተሞች አሉ፤ ሌሎቹ በትክክለኛው የቀን ዓይነት አስቀምጠው ኩዌሪው ውስጥ ዓምዱን በመቀየሪያ ፈንክሽን ይጠቀልሉታል። በሁለተኛው መንገድ የቀን ኢንዴክሱ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ረድፍ ለውጦ ማየት ግድ ይሆንበታል። ዓምዱን ተዉት፤ የምትፈልጉትን ወር ግን አስቀድማችሁ ቀይሩ። ጥቅምት 2017 ማለት ከ2024-10-11 ጀምሮ ከ2024-11-10 በፊት ያለው ነው። መነሻውን «ይህ ወይም ከዚህ በኋላ»፣ መድረሻውን «ከዚህ በፊት» አድርጉ፤ ሰዓት ያለበት ዓምድ ከሆነ የወሩ የመጨረሻ ቀን ደረሰኞች እንዳይቀሩባችሁ። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 እንዳልሆነም አትርሱ፦ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ 12 ላይ ይውላል፤ 2016 የገባው እንዲያ ነው።

የስም ፍለጋ ሌላው ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለሰው አንድ ስም ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሦስት። ፕሮግራመሮች ይህን ለመሸፈን ብዙ «ኦር» ይደረድራሉ፤ ወይም ፍለጋው ላይ ፊደል እየተኩ ኢንዴክሱን ያበላሻሉ። ይልቁንስ ከፖስትግሬስ 12 ጀምሮ ያለውን «ጀነሬትድ» ዓምድ (ዳታቤዙ ራሱ አስልቶ የሚሞላውን) ሥሩ፤ በ«ትራንስሌት» ፈንክሽን ሐን፣ ኀን፣ ሃን፣ ሓንና ኃን ወደ ሀ፤ ሠን ወደ ሰ፤ ዐን፣ ዓንና ኣን ወደ አ፤ ፀን ወደ ጸ ይመልስ፤ የቀሩትን እርባታዎችም ሁሉ በየድምፃቸው። ኢንዴክሱ በዚህ ዓምድ ላይ ይሁን፤ ተፈላጊው ስምም በዚያው ፈንክሽን ይለፍ። «ትራንስሌት» ላይ የሁለቱ ዝርዝሮች ርዝመት እኩል መሆኑን ቆጥራችሁ አረጋግጡ፤ ተተኪ ያላገኘ ፊደል ከስሙ ውስጥ ይሰረዛል እንጂ እንዳለ አይቀመጥም። ጅማ ላይ ስሞች በቁቤም ስለሚመዘገቡ ለእሱ የተለየ ዓምድ ያዙ፤ ኢንዴክሱንም በ«ሎወር» ሥሩት።

ከመጀመሪያ ፊደሎች ለሚጀምር ፍለጋ ኢንዴክሱን «ቴክስት ፓተርን ኦፕስ» በሚለው ሥሩ፤ አለዚያ ከ«ሲ» ውጭ ባለ ኮሌሽን (የፊደል አደራደር ደንብ) «ላይክ» የሚለው የከፊል ጽሑፍ ፍለጋ አይጠቀምበትም። ከመሀል ለሚፈልግ «ፒጂ ትሪግራም» አለ። እሱ ጽሑፉን በሦስት በሦስት ፊደል ስለሚቆርጥ ከመሀል በሁለት ፊደል መፈለግ ምንም አይጠቅመውም። የእኛ ስሞች አጫጭር ናቸው፦ «ከበደ» ሦስት ፊደል ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከስሙ መጀመሪያ እንዲነሳ ማድረጉ ይሻላል። ደግሞም ዳታቤዙ በ«ሲ» ሎካል (የቋንቋ ቅንብር) ከተፈጠረ ትሪግራም የግዕዝ ፊደላትን ጭራሽ አያያቸውም።

ገጽ በገጽ ለሚታይ ዝርዝር «ኦፍሴት» (ይህን ያህል ረድፍ ዝለል የሚለውን) አትጠቀሙ። 20 ረድፍ በሚያሳይ ዝርዝር ላይ 5,001ኛውን ገጽ ለማሳየት 100,000 ረድፍ አንብቦ ይጥላል። የመጨረሻውን ረድፍ ቀንና ቁጥር ይዛችሁ «ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን 20» ብላችሁ ጠይቁ።

7. ኩዌሪው ፈጣን፣ ሥራው ግን ቀርፋፋ ሲሆን

ሰርቨሩ አዲስ አበባ፣ ቢሮው ጅማ ከሆነ ይህ ክፍል ከላይ ካለው ሁሉ ሊበልጥባችሁ ይችላል። ፕሮግራሙ 200 ደረሰኝ ካመጣ በኋላ የእያንዳንዱን አቅራቢ ስም ለብቻው የሚጠይቅ ከሆነ 201 ጉዞ ነው። አንዱ ደርሶ መልስ 20 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ 4 ሰከንድ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ኩዌሪ ሰርቨሩ ላይ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ቢሆንም። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ ነው። ሁለቱን ሰንጠረዦች በ«ጆይን» አገናኝታችሁ አንድ ጊዜ አምጡት። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ ላይ የጥሪው ብዛት እጅግ ትልቅ፣ አማካዩ እጅግ ትንሽ የሆነ ኩዌሪ።

8. ቅንብሮች

ለዳታቤዝ ብቻ በተመደበ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ሰርቨር «ሼርድ በፈርስ» 4 ጊጋባይት (ሲጫን የሚመጣው 128 ሜጋባይት ብቻ ነው)፣ «ኢፌክቲቭ ካሽ ሳይዝ» 12 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ «ራንደም ፔጅ ኮስት» ከ4 ወደ 1.1። «ወርክ ሜም» ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ፕላኑ «ኤክስተርናል መርጅ ዲስክ» ካለ ድርደራው ራም ጠቦት ዲስክ ላይ ወጥቷል፤ ነገር ግን ይህ ቅንብር ለአንድ ግንኙነት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ድርደራና ሃሽ ነው። 64 ሜጋባይት አድርጋችሁት 100 ግንኙነት ሁለት ሁለት ቢጠቀሙ 12.8 ጊጋባይት ይሆናል። አጠቃላዩን 16 ሜጋባይት አድርጋችሁ ለወር መጨረሻ ሪፖርቱ ብቻ በ«ሴት ሎካል» ከፍ አድርጉ።

ምዝገባ ለማፍጠን «ኤፍሲንክ»ን (መረጃው በእርግጥ ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠውን ቅንብር) እንድትዘጉ የሚመክር ጽሑፍ ካጋጠማችሁ አትከተሉት። መብራት በድንገት ቢጠፋ ዳታቤዙ ሊነሳ በማይችልበት መልኩ ሊበላሽ ይችላል። «ሲንክሮነስ ኮሚት»ን (እያንዳንዱ ምዝገባ ዲስክ ላይ እስኪደርስ መጠበቅን) መዝጋት የተለየ ነገር ነው፦ ዳታቤዙ አይበላሽም፤ ግን የመጨረሻው ከ1 ሰከንድ በታች የሆነ ጊዜ ምዝገባ ሊጠፋ ይችላል። ለገበሬ ገንዘብ በሚከፈልበት ደረሰኝ ላይ እሱንም አንመክርም። ዩፒኤስ ግዙ።

ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ከሆነ አካሄዱ ያው ነው፤ ስሞቹ ይለያያሉ። «ስሎው ኩዌሪ ሎግ»ን ክፈቱ፤ «ሎንግ ኩዌሪ ታይም» 10 ሰከንድ ሆኖ ስለሚመጣ ወደ 1 አውርዱት። ኤክስፕሌን አናላይዝ ከ8.0.18 ጀምሮ አለ፤ ከዚያ በፊት ባለው ኤክስፕሌን ላይ «ታይፕ» የሚለው ዓምድ «ኦል» ካለ ሙሉ ንባብ ነው። «ኢኖዲቢ በፈር ፑል ሳይዝ» 128 ሜጋባይት ላይ ተቀምጦ ካገኛችሁት ለብቻው በተመደበ ሰርቨር ወደ ግማሽ ራም ከፍ አድርጉት። የስልክ ቁጥር በጽሑፍ ዓምድ ተቀምጦ ያለ ጥቅስ ምልክት ከጠየቃችሁ ዳታቤዙ ዓምዱን ሁሉ ወደ ቁጥር ስለሚለውጥ ኢንዴክሱ አይሠራም፤ ፖስትግሬስ ደግሞ ያንኑ ኩዌሪ በስህተት መልእክት ይመልሰዋል።

9. ማረጋገጥ

በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ አድርጉ። 500 ረድፍ ባለው የሙከራ ዳታቤዝ ላይ አትፍረዱ፤ እዚያ ሙሉ ንባብ ምንጊዜም ስለሚያሸንፍ ኢንዴክሳችሁ የማይሠራ ይመስላል። ከምትኬ የተመለሰ ሙሉ ግልባጭ ተጠቀሙ፤ ከመለሳችሁ በኋላም አናላይዝ ማድረግን አትርሱ። ለእያንዳንዱ ለውጥ አራት ቁጥር መዝግቡ፦ የተገመተ ረድፍ፣ የተገኘ ረድፍ፣ የተነካ ገጽ፣ የሦስተኛው ሙከራ ሰዓት። ገጹ ካልቀነሰ ለውጡን መልሱት። ይህን ሁሉ በነሐሴና በጳጉሜ ጨርሱት፤ የመጀመሪያዎቹ የእሸት ቡና ቀናት ሲመጡ ፒጂ ስታት ስቴትመንትስን እንደገና ዜሮ አድርጉና በመጀመሪያው የገበያ ቀን ማታ ዝርዝሩን ክፈቱ።